ሬዲዮ ይዞ ተራራ መውጣት

ዛሬ በቨርጂኒያው ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ከሁሉም ከፍ በሚለው፣ 1,235 ሜትር በሚደርሰው በሆክስቢል ተራራ አናት ላይ የአማተር (ለትርፍ ጊዜ ደስታ ከሌሎች ጋር የምገናኝበትን) ሬዲዮዬን ዘርግቼ ዋልኩ። እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪታንያ የተጀመረው፣ ከተራራ አናት ላይ በሬዲዮ የመገናኘት ፕሮግራም የሆነው «ሰሚትስ ኦን ዘ ኤር» የተራራውን ነጥብ የሚሰጠው ቢያንስ ከአራት ጣቢያዎች ጋር ለተገናኘ ሰው ሲሆን፣ የነዳጅ ጄኔሬተር ስለማይፈቀድ ባትሪን በጀርባ ተሸክሞ መውጣት የተለመደ ነው። የአንቴናዬን ሽቦ ያቆመው እየተሳበ የሚረዝም የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በመሆኑ፣ አንድ አዛውንት መንገደኛ ቆም ብለው በዚህ ከፍታ ዓሣ ይገኝ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ መቼም አልፈረድኩባቸውም። በ14 ሜጋኸርዝ በአምስት ዋት የላክሁት የሞርስ (ፊደላትን በአጭርና በረጅም ድምፅ የሚገልጽ ኮድ) ጥሪ አዮኖስፌር ከተባለው የላይኛው ከባቢ አየር ክፍል ተንጸባርቆ ስፔን ደረሰ። የ146.52 ሜጋኸርዙ ሞገድ ግን በአብዛኛው ቀጥታ ስለሚጓዝ፣ ቤት ውስጥ ከሰፈር በማያልፈው የእጅ ሬዲዮዬ ከሸለቆው ማዶ ካሉ ጣቢያዎች ጋር ጥርት ባለ ድምፅ ተነጋገርኩ።