21 ዶላር ከ60፦ ከአንድ የሐዋሳ ቡና ላኪ ቢሮ የሸሸው ዳታ

ሐዋሳ ውስጥ ባለ አንድ ቡና ላኪ ድርጅት የክላውዱን (በኢንተርኔት የሚከራየውን የፋይል ማስቀመጫ) ወርኃዊ ሂሳብ አተኩራ የምታየው የሂሳብ ሠራተኛዋ ናት። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሚፈጸም እያንዳንዷ ዶላር ትቆጠራለች። በአንዱ ወር ሁልጊዜ ዜሮ የነበረች መስመር 21 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይዛ መጣች፤ ወደ ኢንተርኔት የወጣ ዳታ ክፍያ ነው። «ጋሼ፣ ይቺ መስመር ከዚህ በፊት ነበረች እንዴ?» ብላ ሥራ አስኪያጁን ጠየቀችው። እሱ ለአይቲው ልጅ መራው፣ ልጁም «ዋጋ ጨምረው ይሆናል» አለ።

ዋጋ አልጨመረም። አማዞን ክላውድ በወር የመጀመሪያውን 100 ጊጋባይት በነፃ ያስወጣል፤ ባኬቱ (የድርጅቱ ፋይሎች የተቀመጡበት ቋት) ባለበት የአየርላንድ ሪጅን (የአማዞን ሰርቨሮች ያሉበት አካባቢ) ከዚያ በላይ ያለው፣ እስከ 10 ቴራባይት ድረስ፣ በጊጋባይት 9 ሳንቲም ነው። 21.60 ለ0.09 ሲካፈል 240 ይመጣል፤ ነፃው 100 ሲጨመርበት 340። ቢሮው በወር የሚያወርደው 30 ጊጋባይት ገደማ ነው። የቀረው 310 ደግሞ ከባኬቱ ጠቅላላ መጠን ጋር ይገጥማል። አንድ ሰው ባኬቱን ከላይ እስከ ታች ገልብጦታል ማለት ነው።

ባኬቱ ውስጥ የነበረው ቀላል ነገር አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የደን ምንጣሮ ደንብ፣ ቁጥር 2023/1115፣ ቡናው የበቀለበትን ማሳ አቀማመጥ ይጠይቃል። እስከ 4 ሄክታር ላለ ማሳ አንዲት ነጥብ ትበቃለች፣ ከዚያ ለሚበልጠው ዙሪያው በሙሉ ይመዘገባል፤ ኬክሮስና ኬንትሮሱ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ 6 አሃዝ ሊኖረው ይገባል። ስድስተኛው አሃዝ መሬት ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የመስክ ሠራተኞቹ በታብሌት የሰበሰቡት የአርሶ አደሮች ስም፣ ስልክ፣ የቀበሌ መታወቂያ ፎቶና የማሳ ነጥብ ሁሉ እዚያ ነበር። የማን ማሳ የት እንዳለ ያወቀ ተፎካካሪ እሸቱ ሲደርስ ቀድሞ በር ላይ ይቆማል።

የአይቲው ልጅ መጀመሪያ የባኬቱን ቅንብር አየ። ለሕዝብ ክፍት አልነበረም፤ ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤስ3፣ ማለትም በአማዞን የፋይል ማስቀመጫ አገልግሎት፣ ላይ የሚከፈት አዲስ ባኬት በራሱ ዝግ ነው። ብዙ ቢሮ «የእኛ ዝግ ነው» ብሎ ምርመራውን የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ዝግ መሆኑ ቁልፍ (የመግቢያ ምስጢራዊ ኮድ) የሌለውን ሰው ብቻ ይከለክላል፤ ቁልፍ የያዘው ምን ያህል ይዞ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ የለም። በ2019 እ.ኤ.አ. ከ100 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን መረጃ ከካፒታል ዋን ባንክ ሲወጣም በሩን የከፈተው ከሰርቨር ላይ የተወሰደ፣ የሚሠራ ጊዜያዊ መለያ ነበር።

የተጠቃሚዎቹ ዝርዝር ሲታይ «ባክአፕ» የሚባል አንድ አለ። የታብሌቱን አፕ የሠራ የኮንትራት ባለሙያ የከፈተው ነው። ውሉ ሲያልቅ ኢሜይሉ ተዘጋ፣ ላፕቶፑን አስረከበ፣ «ባክአፕ» ግን የሰው ስም ስላልሆነ የመልቀቂያ ቅጹ ላይ ማንም አላሰበውም። በኤስ3 ላይ ሙሉ መብት ነበረው፤ ጊዜው የማያልፍ ቋሚ ቁልፉም በየታብሌቱ አፕ ውስጥ ተቀብሯል። ስለዚህ ያ ባለሙያም ሊሆን ይችላል፣ ታብሌት የነካ ማንኛውም ሰውም ሊሆን ይችላል። ቁልፉ መጨረሻ መቼ፣ በየትኛው አገልግሎትና ሪጅን እንደሠራ ሲስተሙ ያሳያል፤ በማን እጅ እንደነበረ ግን አይናገርም።

የአማዞን የድርጊት መመዝገቢያ፣ ክላውድትሬይል፣ ያለ ምንም ዝግጅት የ90 ቀን ታሪክ ይይዛል፤ የሚይዘው ግን የአስተዳደር ድርጊቶችን ብቻ ነው። ባኬቶችን መዘርዘር ይመዘገባል፤ አንድን ፋይል ከባኬት ማውረድ «የዳታ ድርጊት» ስለሆነ አስቀድሞ ካልተከፈተ አይመዘገብም። ከዚያ ሁሉ ማውረድ የተረፈው ፈለግ አንድ መስመር ነበር፤ «ባክአፕ» ሌሊት ባኬቶችን ዘረዘረ፣ የተጠቀመበት ፕሮግራም ከክላውድ ፋይል የሚገለብጠው አርክሎን ነው፣ የመጣበት አድራሻ የሞባይል ኔትወርክ ነው። አርክሎን በራሱ ጥፋት የለበትም፣ ብዙ የአይቲ ባለሙያ ባክአፕ ይሠራበታል። የሞባይል አድራሻ ደግሞ ብዙ ስልኮች በአንድ ጊዜ ይጋሩታል።

የሚያናድደው ዋጋው ነው። የዳታ ድርጊት ምዝገባ በ100,000 ድርጊት 10 ሳንቲም ነው። ፎቶዎቹ በአማካይ 3 ሜጋባይት ስለነበሩ ባኬቱ ውስጥ 100,000 ያህል ፋይል አለ። ሌባው የወሰደውን ፋይል በፋይል ለማወቅ ይወጣ የነበረው 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነው ማለት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጥሰት በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲገለጽ ስለሚያዝ፣ ዝርዝር የሌለው ድርጅት ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ ሁሉም ወጥቷል ብሎ ማመልከት።

«ዳታችን የተመሰጠረ ነው» የሚለውም አላዳነም። ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኤስ3 የሚገባውን ፋይል ሁሉ በራሱ ያመሰጥራል፤ የማውረድ መብት ላለው ሁሉ ግን በራሱ ይፈታለታል። ልዩነት የሚያመጣው ደንበኛው ራሱ የሚያስተዳድረው የኬኤምኤስ (የአማዞን የምስጠራ ቁልፍ አገልግሎት) ቁልፍ ነው። ያኔ ለማንበብ ከኤስ3 መብት ሌላ የመፍታት መብት ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱ የመፍታት ጥሪም እንደ አስተዳደር ድርጊት በ90 ቀኑ ታሪክ ውስጥ ይገባል። ቁልፉ በወር 1 ዶላር ነው፣ 10,000 ጥሪ ደግሞ 3 ሳንቲም። ወጪ ለመቀነስ «ባኬት ኪ» የሚባለውን ማብራት ይቻላል፤ ሲበራ ግን ጥሪው ስለሚቀንስ በዚህ በኩል ያለው ፈለግም ይሳሳል። ቅንብሩ የሚሠራው ለአዲስ ፋይል ብቻ ስለሆነ የነበረው 310 ጊጋባይት በራሱ ላይ እንደገና መገልበጥ ነበረበት።

አደጋው እንደታወቀ የተደረገው ነገር ቅደም ተከተሉ ትክክል ነበር። ቁልፉን ከመሰረዝ ይልቅ አቦዘኑት፣ ምርመራው እስኪያልቅ መዝገቡ እንዲቆይ። ከዚያ «ባክአፕ» ላይ ሁሉንም የሚከለክል ፖሊሲ (የመብት ሕግ) ጫኑበት። ይህኛው የግድ ነው፤ በቋሚ ቁልፍ የወጣ ጊዜያዊ መለያ እስከ 36 ሰዓት ሊኖር ይችላል፣ ዋናውን ቁልፍ ማቦዘን ደግሞ እሱን አይገድለውም። ቀጥሎ የባኬቱ ፖሊሲ ተቀይሮ፣ ወደ ሌላ አካውንት የሚያባዛ ሕግ ተጨምሮ፣ አዲስ ተጠቃሚ ተከፍቶ እንደሆነ ታሪኩን አገላበጡ። የዚህ ዓይነት የኋላ በር ቁልፉ ከሞተ በኋላም ይሠራል። አልተገኘም።

ታብሌቶቹ አሁን የሚችሉት በአንድ ፎልደር ስር መጫን ብቻ ነው፤ ማንበብም መዘርዘርም አይችሉም። ቁልፉ ቢሰረቅ ሌባው የሚችለው ቆሻሻ መጫን ወይም በነባር ፋይል ላይ መጻፍ ነው፣ ለዚያም የድሮውን ቅጂ የሚያስቀረው ቨርዥኒንግ ተከፈተ። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ፤ ፋይሉ በክፍልፋይ ሲጫን ኬኤምኤስ የመፍታት መብትም ይፈልጋል። ብዙ የመጫኛ መሣሪያዎች ከ8 ሜጋባይት ጀምሮ ይከፋፍላሉ፤ 3 ሜጋባይቱ ፎቶ ያለ ችግር ሲገባ ቪዲዮው «ተከልክሏል» እያለ ተመለሰ። መብቱን ከማስፋት ቪዲዮውን ማሳነስ ተመረጠ፣ ትክክልም ነው።

ትልቁ ጣጣ የመጣው ማውረድ ከቢሮው አድራሻ ብቻ ይሁን ሲባል ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን የቢሮው መስመር ቋሚ አይፒ አልነበረውም፣ ራውተሩ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር አድራሻው ይቀየራል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሁሉም ወደ ስልክ ሆትስፖት ይዞራል። በመጀመሪያው ሳምንት ከሥራ አስኪያጁ ጀምሮ ሁሉም ተከለከለ። መፍትሔው ክላውዱ ላይ ቋሚ አድራሻ ያላት ትንሽ የቪፒኤን ሰርቨር ሆነች፤ ከፋይበርም ከሆትስፖትም በእሷ በኩል ይገባል፣ ፖሊሲው የሚያውቀው የእሷን አድራሻ ብቻ ነው። ክልከላው ማውረድ ላይ ብቻ መጻፍ አለበት። ሁሉንም ድርጊት የሚከለክል ፖሊሲ ራስን ውጭ ያስቀራል፤ ያኔ ፖሊሲውን ማንሳት የሚችለው የአካውንቱ ሩት (የባለቤቱ ዋና መግቢያ) ብቻ ነው፣ የሩቱ ፓስወርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ የለቀቀ ሰው ኢሜይል ላይ ነው።

ቢሉን እንደ ማንቂያ የያዘ ሰው ሌላም ነገር ይወቅ። ሌባው እዚያው ሪጅን ውስጥ የራሱን ባኬት ከፍቶ በቀጥታ ቢገለብጥ ኖሮ ወደ ኢንተርኔት የወጣ ነገር ስለሌለ ያቺ መስመር ዜሮ ሆና ትቀር ነበር። ይህን የሚዘጋው መዳረሻውን የሚያይ ሕግ ነው፤ የድርጅቱ ተጠቃሚዎችና ሮሎች (በጊዜያዊነት የሚወሰዱ የመብት ማንነቶች) የራስ አካውንት ቁጥር በሌለው ባኬት ላይ እንዳይጽፉ መከልከል። በሥራ ላይ ያለ፣ ሙሉ መብት ያለው ሠራተኛ በዚህ መንገድ ሊያሸሽ ቢል የሚያስቆመው ይሄ ነው፤ የአይፒ ገደቡ ለእሱ ምንም አይደለም።

የአውሮፓ ገዢዎች ቀድሞ የማሳ ፋይል የሚደርሳቸው ከዋናው ባኬት በተፈረመ ሊንክ (ያለ ቁልፍ የሚከፈት፣ ጊዜው የሚያልፍ ሊንክ) ነበር፣ 7 ቀን በሚቆይ፤ ከዚያ በላይ ኤስ3 አይፈቅድም። አዲሱ የአድራሻ ገደብ ሊንኩንም ስለሚመለከት ተከለከሉ። ለእነሱ ሲባል ገደቡን ማላላት ቀላሉ መንገድ ነበር፣ አልተደረገም። ሌላ ትንሽ ባኬት ተከፈተ፤ ጭነት ሲወጣ የዚያ ጭነት ማሳዎች ብቻ፣ ስልክና መታወቂያ ሳይኖርበት፣ ወደዚያ ይገለበጣል። የፊርማ ዕድሜ ገደብም ተጻፈበት፣ መለኪያው ሚሊሰከንድ ስለሆነ 86,400,000 ተብሎ፣ ማለትም 24 ሰዓት። ቅዳሜና እሑድ ሳይከፍቱት የሚያልፍባቸው ሰኞ ጠዋት ኢሜይል ይጽፋሉ፣ አዲስ ሊንክ ይላክላቸዋል።