ባለ ነጠብጣቡ ሲያልቅ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የእግረኛ መንገድ እየሠራን ነበር። ዓርብ ከሰዓት ነው። ሰኞ ርክክብ አለብን፤ የቀረን አንድ የእግረኛ ማቋረጫ ብቻ ነው። ፎርማናችን ከስቶር ባዶ እጁን ተመለሰና «ኢንጂነር፣ ባለ ነጠብጣቡ ቴራዞ አልቋል። በምን ልሙላው?» አለኝ። ባለ መስመሩ ግን ተከምሯል። እሱም ያው የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ነው፣ ቀለሙም ያው ቢጫ ነው። «በባለ መስመሩ ሙላው» አልኩት። አምስት ሰከንድ እንኳ አላሰብኩበትም።

አዲስ በተሠሩ መንገዶች ላይ የምትሄዱ ሰዎች ያንን ቢጫ ንጣፍ ታውቁታላችሁ። ብዙ ሰው ለጌጥ የተደረገ ይመስለዋል። ዓይነ ስውር ሰው ግን በጫማው ሥርና በነጭ በትሩ ያነበዋል። ረዣዥም መስመር የወጣበት «ቀጥል፣ መንገዱ በዚህ ነው» ይላል። ክብ ክብ ነጠብጣብ ያለበት ደግሞ «ቁም፣ ከፊትህ የምትጠነቀቅበት ነገር አለ» ይላል። ሐሳቡን ያመነጨው ሴይቺ ሚያኬ የሚባል ጃፓናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦካያማ ከተማ ውስጥ፣ ዓይነ ስውራን የሚማሩበት ትምህርት ቤት አጠገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጠፈ። ያኔም የተነጠፈው መኪና የሚበዛበት መሻገሪያ ላይ ነው። እኔ ደግሞ መሻገሪያው ላይ «ቁም» መባል ያለበትን ቦታ «ቀጥል» አስባልኩት።

አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። ፕላኑ ላይ በግልጽ ተሥሏል። ትምህርቱንም ተምሬዋለሁ።

የሚያሳዝነኝ ያንን መሻገሪያ በተለይ እወደው ነበር። ከርብስቶኑን፣ ማለትም የእግረኛ መንገዱን የጠርዝ ድንጋይ፣ ዝቅ አድርገን ከአስፋልቱ ጋር አስተካክለነዋል። 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ለሚራመድ ሰው ምንም አይደለም፤ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ግን ግድግዳ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ሰጥተን የ1.80 ሜትር ራምፕ አወጣን። ውሃ ልኩን ይዤ የለካሁት እኔው ነኝ። እዚያው አካባቢ ሱቅ ያላት፣ በዊልቸር የምትንቀሳቀስ ሴት አለች። ራምፑ እንዳለቀ ብቻዋን ስትወጣበት አየኋት። ማንም አልገፋትም፣ ማንም አላነሳትም። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሰኞ ርክክቡ ተፈጸመ። ስፋት ተለካ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ተፈረመ። ጎንበስ ብሎ ንጣፉን ያየ ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ፎርማኑ ደወለ። እኛ ወደሚቀጥለው መንገድ ተሻግረን ነበር። «ኢንጂነር፣ ቶሎ ድረሺ። አንድ ሰው መሻገሪያው ላይ ሊገጩ ነበር» አለኝ።

ስደርስ ሰው ተሰብስቧል። ሃምሳዎቹ ውስጥ የሚሆኑ፣ ኮት የለበሱ ሰው ሱቁ በር ላይ በርጩማ ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል። ሱሪያቸው ተቀዷል፣ ጉልበታቸው ተልጧል። ነጭ በትራቸው አስፋልቱ ላይ ለሁለት ተሰብሮ ወድቋል። ሚኒባሱ ለጥቂት ነው የሳታቸው። ሹፌሩ መሪውን እንደያዘ ይንቀጠቀጣል። ከተሰበሰቡት አንዱ «ብቻቸውን ለምን ይወጣሉ? ሰው የላቸውም እንዴ?» ይላል። ይህ አነጋገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ያጠፋሁት እኔ ሆኜ ሳለ የሚወቀሱት እሳቸው ነበሩ።

መንገዱን የሠራሁት መሐንዲስ መሆኔን ነገርኳቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ድምፃቸውን ግን ከፍ አላደረጉም።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ድሮ እዚህ ጋ ጠርዝ ነበረ። በትሬ ቁልቁል ሲወርድ አስፋልቱ ጋ መድረሴን አውቅ ነበር። እሱን ማን አነሳው?»

«እኛ ነን ጋሼ። ለዊልቸር ብለን ነው።»

«ደግ አደረጋችሁ። በእሱ ቦታ ለእኔ ምን አስቀመጣችሁልኝ? መስመሩን ይዤ መጣሁ። ቀጥል አለኝ፤ ቀጠልኩ።»

መልስ አልነበረኝም።

ለአንዱ የጠቀመው ሌላውን ሊጎዳ እንደሚችል የገባኝ ያኔ ነው። ከርብስቶኑ ለሱቋ ባለቤት እንቅፋት ነበር፤ ለእሳቸው ግን ምልክት ነበር። እሱን ዝቅ ስናደርግ ሁለቱን የሚያስታርቃቸው ያ ባለ ነጠብጣብ ንጣፍ ብቻ ነው። አልቋል ብዬ የተውኩትም እሱኑ ነው።

ጉልበታቸው ታጥቦ ትንሽ ካረፉ በኋላ መንገዱን አብረን እንድናየው ጠየቅኳቸው። እሺ አሉኝ። ክንዳቸውን ያዝ አድርጌ ልመራቸው ስል አስቆሙኝ። «አትጎትቺኝ። ክንድሽን ስጪኝ፣ እኔ እይዝሻለሁ» አሉ። ግማሽ እርምጃ ከኋላዬ ሆነው ሄድን። ይህንን ሁሉም ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

መምህር ናቸው። በዚያ መንገድ ለዓመታት ተመላልሰዋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያሳዩኝን ነገር እኔ በስድስት ወር አላየሁትም። መስመሩ ከመብራት ምሰሶ በአንድ ስንዝር ርቀት ያልፋል። እግር ትክክል ቢሄድም ትከሻ ምሰሶውን ይመታል። ማንሆል ያለበት ቦታ ደርሶ ይቋረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ፈቀቅ ብሎ ይጀምራል። እዚያ መሃል ላይ እሳቸው በትራቸውን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ መፈለግ አለባቸው። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሠራተኞቻችን ቢጫው አልቆባቸው ከአካባቢው ጋር በሚመሳሰል ግራጫ ቀጥለውታል። «እኔ ጭራሽ አላይም፣ ቀለሙ አያገባኝም» አሉ። «ግን ጭል ጭል የሚልላቸው ብዙ ሰዎች አሉ። እነሱ የሚከተሉት ቢጫውን ነው።»

ሊስትሮዎቹ ጋ ስንደርስ በየስማቸው ጠሯቸው። ልጆቹ ሳጥኖቻቸውን መስመሩ ላይ ደርድረው ነበር። ለምን እንደተሠራ ስንነግራቸው አፍረው ቶሎ ብለው ሰበሰቡ። ከዚያ በፊት የነገራቸው ሰው አልነበረም። ካፌው ግን ወንበሮቹን ለማንሳት ብዙ ተከራክሮናል፤ እሱን ዛሬም አላሸነፍኩትም።

ከሰዓት ቢሮ ገባሁ። ፎርማኑ ቅን ሐሳብ ይዞ መጣ፦ «ከርብስቶኑን አምስት ሳንቲ ሜትር ብቻ መልሰን ከፍ ብናደርገውስ?» እንዲያ ካደረግን የሱቋ ባለቤት እንደገና ሰው እስኪያነሳት ልትጠብቅ ነው። አይሆንም አልኩ። አለቃዬ ደግሞ «ተፈርሟል፣ ተከፍሎበታል፤ ማን በጀት ይሰጥሻል?» አለኝ።

ያኔ ማድረግ የከበደኝን ነገር አደረግሁ። ደብዳቤ ጻፍኩ። በባለ መስመሩ ይሞላ ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ፎርማኑ ጠይቆኝ የታዘዘውን ብቻ እንደሠራ በስሜ አሰፈርኩ። ሀገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ሕንፃን ብቻ ሳይሆን መንገድንም በስም ይጠራል። ይህንንም ጨመርኩበት። ደብዳቤው ለግል ማኅደሬ ጥሩ አልነበረም። ማስተካከያው ግን ተፈቀደ።

ንጣፉ እስኪመጣ ስድስት ቀን ጠበቅን። እስከዚያ ቦታውን በበርሜልና በገመድ አጥረን፣ ሰው የሚያሻግር አንድ ሠራተኛ ከጠዋት እስከ ማታ አቆምን። ከዚያ ባለ መስመሩን ነቅለን ባለ ነጠብጣቡን በሁለት ረድፍ አስገባን። አንዱ ንጣፍ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ረድፍ ብቻ ከሆነ ሰው ሲራመድ ሳይረግጠው ሊያልፍ ይችላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ግን አንዱ እግር ማረፉ አይቀርም። ስፋቱንም ከርብስቶኑ ዝቅ ያለበትን ቦታ ሁሉ እንዲሸፍን አደረግነው፣ በጎን በኩል የሚያሾልክ ክፍተት እንዳይኖር።

በእነዚያ ስድስት ቀናት አንድ ማታ ዓይኔን በሻርፕ አስሬ መንገዱን ለመሄድ ሞክሬ ነበር። ያተረፍኩት ፍርሃት ብቻ ነው። ለመምህሩ ስነግራቸው «አንቺ ዓይንሽን የጨፈንሽው ለአሥር ደቂቃ ነው። እኔ በዚህ ስሄድ ሠላሳ ዓመት ሆኖኛል። የሚያስፈልግሽ የእኔ ዕውቀት ነው፣ የእኔን ጨለማ ምን ታደርጊዋለሽ?» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ስለዚህ ለሚቀጥለው መንገድ ንጣፉ ሳይጣበቅ መጥተው እንዲያዩልን ለመንኳቸው። «ለበጎ ነገር ነው ጋሼ፣ ይተባበሩን» አልኩ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ።

«አፈሩን የሚመረምርላችሁ ሰው በነጻ ነው የሚሠራው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ የእኔ ምርመራ ለምን በነጻ ይሆናል?»

አሁን እሳቸውም፣ የሱቋ ባለቤትም፣ በክራንች የሚሄድ አንድ ወጣትም ከርክክብ በፊት ይመጣሉ። የቀን አበላቸው የሥራው ሒሳብ ውስጥ ተይዟል። ቴራዞው ከመጣበቁ በፊት ማንሳት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከደረቀ በኋላ መንቀል ምን ያህል እንደሚያስወጣ አለቃዬ ራሱ አስልቶታል፤ አሁን ስለ አበሉ አይከራከርም። ወጣቱ በመጣበት የመጀመሪያ ቀን ዝናብ ጥሎ ነበር፣ የመረጥነው ልስልስ ንጣፍ ላይ ክራንቹ ሲንሸራተት ሁላችንም አየን። የዚያኑ ቀን ንጣፉን ሻካራ በሆነው ቀየርነው።

ባለፈው ወር እኔ ቢሮ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ጭነት መኪናው ከፋብሪካ ዕቃ ይዞ ሳይት ገባ። ፎርማኑ አስቆጠረ። ባለ ነጠብጣቡ አርባ ይጎድላል፤ ባለ መስመሩ ተርፏል። ርክክብ በማግሥቱ ነበር። ከስብሰባ ስወጣ ሦስት ጊዜ ደውሎ አገኘሁት። መልሼ ደወልኩ።

«ኢንጂነር፣ መሻገሪያውን አልሞላሁትም» አለኝ። «በርሜል አቁሜ በገመድ አጥሬዋለሁ። ርክክቡን አራዝሚው።»