ላፕቶፔን ክፍቱን በባጃጅ ይዤ የሄድኩ ለት

ላፕቶፔ ላይ ያለው ሊኑክስ፣ ኡቡንቱ 22.04፣ ይዞት የሚመጣው ኮምፓይለር (ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው) ጂሲሲ 11 ነው። የሲ ፕላስ ፕላስ 20 ቋንቋ ጽሑፍ ማቀናበሪያ፣ ፎርማት ላይብረሪ፣ ደግሞ የሚገኘው ከጂሲሲ 13 ጀምሮ ነው። ለፕሮጀክቴ የግድ ያስፈልገኝ ነበር።

የጂሲሲ 13ን ሶርስ (ምንጭ ኮዱን) አወረድኩ፣ ኮንፊገር አድርጌ አሰናዳሁት፣ እንዲገነባው ሜክ አልኩ። መሀል ላይ ሁለት ጊዜ መብራት ጠፋ። ጢስ ዓባይ ቅርባችን ሆኖ ባሕር ዳር ላይ በጨለማ መቀመጥ! ደግነቱ ሜክ ካቆመበት ይቀጥላል።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የት እንደሚጫን ሳልነግረው እንዲጭነው ሜክ ኢንስቶል አልኩ፤ ዩዝር ሎካል የሚባለው ፎልደር ውስጥ ገባ። የጻፍኩት ፕሮግራም ኮምፓይል ሆነ፣ ሲነሳ ግን «ጂሊብሲኤክስኤክስ 3.4.32 አልተገኘም» አለ፤ ይህ የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪው የስሪት ምልክት ነው። ሲስተሙ የሚያየው የድሮውን የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ ነው፤ እሱ ደግሞ 3.4.30 ላይ ቆሟል።

እዚህ ላይ መቆም ነበረብኝ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው፣ እንቅልፍ አናቴ ላይ ወጥቷል። ወደ ላይብረሪው ፋይል የሚጠቁመውን የሲስተሙን ሊንክ አነሳሁና ወደ አዲሱ ላይብረሪ አዞርኩት። አዲሱ ፋይል ያለው ሊብ64 የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው፤ እኔ የጻፍኩት ሊብ ብቻ። ሊንኩ ባዶ ላይ ቆመ። ፕሮግራም እያወረደ የሚጭንልኝ አፕት ራሱ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ነውና አብሮ ሞተ። መድኃኒት የምገዛበትን ፋርማሲ ነው ያቃጠልኩት።

አባይ ማዶ ያለ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። «ላፕቶፑን እንዳትዘጋው!» አለኝ። ጠዋት ላይ ክዳኑን ለመዝጋት ፈርቼ ላፕቶፑን እንደተከፈተ ታቅፌ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሹፌሩ ፊልም የማይ መስሎት አንገቱን እያዞረ ያይ ነበር። ጓደኛዬ የላይብረሪውን ደብ ፋይል (የኡቡንቱ መጫኛ ጥቅል) በፍላሽ ሰጠኝ፤ ደብ ፋይል የሚጭነው ዲፒኬጂ በሲ የተጻፈ ስለሆነ አልሞተም፣ ጫነው። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የድሮው ፋይል እኮ ከቦታው አልጠፋም። ሊንኩን ብትመልሰው ይበቃ ነበር።» የባጃጁ ሂሳብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን ፕሪፊክሱን (የሚጫንበትን ቦታ) ኦፕት የሚባለው ፎልደር ስር አደርጋለሁ፣ የኮምፓይለሩ ስም ላይም 13 እጨምራለሁ። የጂሲሲ ሰነድ ዩዝር ሎካልን እንደ ነባሪ ቢያስቀምጥም አልሰማውም። የሲስተሙን ነባሪ ስሪት የሚቀያይረውን አፕዴት አልተርኔቲቭስ ተጠቀም የሚሉኝም አሉ፤ እኔ ግን የሲስተሙን ጂሲሲ አልነካም። ፕሮጀክቴን ለሚያስገነባልኝ ሲሜክ የምፈልገውን ኮምፓይለር በስሙ እነግረዋለሁ፣ ላይብረሪው ያለበትን ቦታ ደግሞ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ በአርፓዝ (ፕሮግራሙ ውስጥ በሚጻፍ የላይብረሪ አድራሻ) አሳየዋለሁ።

ዩዝር ሎካል ውስጥ የተዝረከረከውን ለማጽዳት የማራገፊያው ትእዛዝ ሜክ አንኢንስቶል አልረዳኝም። አንድ ሙሉ እሑድ በእጄ ስለቅም ዋልኩ።