የፀጉር ቅባት ወጥ ውስጥ

ልጅ ሆኜ የወይራ ዘይት የማውቀው በትንሽ ጠርሙስ፣ ከፋርማሲ ተገዝቶ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ ለብ አድርጋ ፀጉሬን ትቀባኝና ሹሩባ ትሠራኛለች። ጣልያን መጥቼ፣ ከሮም በስተሰሜን ሳቢና በሚባለው ኮረብታማ አካባቢ አንዲት አሮጊት ለመንከባከብ ስቀጠር ወጥ ቤታቸው ውስጥ አምስት ሊትር የወይራ ዘይት በቆርቆሮ ቆሞ አየሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ "እኚህ ሴትዮ ስንት ፀጉር አላቸው?" የሚል ነበር።

ሲኞራ፣ አሮጊቷን እንዲህ ነው የምጠራቸው፣ ዘይት ከሱፐርማርኬት አይገዙም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ፍሬው ሲለቀም ከመንደሩ መጭመቂያ ያመጣሉ። መጭመቂያውን ፍራንቶዮ ይሉታል። በመጀመሪያው ዓመት እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ፍሬው ይታጠባል፣ ከነዘሩ ይፈጫል፣ ሊጥ እስኪመስል ይታሻል፣ ከዚያ ዘይቱ ከውሃውና ከአተላው ይለያል። ምንም ኬሚካል የለም። ሙቀቱም ከ27 ዲግሪ እንዳያልፍ ይጠብቁታል። ኤክስትራ ቨርጂን የሚባለው እንዲህ በመጭመቅ ብቻ የወጣው፣ አሲዱ ከ0.8 በመቶ የማይበልጥና ሲቀመስ እንከን የሌለበት ዘይት ነው። ጠርሙሱ ላይ "የወይራ ዘይት" ብቻ ከተጻፈ በፋብሪካ የተጣራ ዘይት ላይ ትንሽ ጥሩው ተጨምሮበት ነው። እኔ ግን ያኔ ይኼን ሁሉ አላውቅም።

እዚያው የተጠበሰ ዳቦ ላይ ነጭ ሽንኩርት አሽተው፣ አዲሱን ዘይት አፍስሰው ሰጡኝ። ጎረስኩ። ጉሮሮዬን ጭሮኝ ሳል በሳል ሆንኩ። ተበላሽቷል ብዬ ደነገጥኩ። ሲኞራ ግን ደስ አላቸው፤ "ፒዚካ!" አሉ፣ ይቆረቁራል ማለታቸው ነው። ለካ ማስሳሉ የትኩስ ጥሩ ዘይት ምልክት ኖሯል። ኦሊዮካንታል የሚባል ንጥረ ነገር ነው የሚያደርገው። ቀለሙ አረንጓዴም ሆነ ቢጫ ስለ ጥራቱ አይናገርም። ቀማሾቹ ራሳቸው ቀለሙ እንዳያታልላቸው በሰማያዊ ብርጭቆ ነው የሚቀምሱት።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። 55 ቀን። ሲኞራ ካቶሊክ ናቸው፣ አርብ ሥጋ ካልበሉ ጾሙ ማለት ነው። እኔ ቅቤም ወተትም እንቁላልም እንደማልነካ ስነግራቸው "ታዲያ ምን ቀረ?" አሉኝ። ዘይት ቀረ አልኳቸው። ቆርቆሮውን አሳዩኝ።

የመጀመሪያውን ሽሮ እንደለመድኩት ጀመርኩ። ድስቱን አጋልኩ፣ ዘይቱን ደህና አድርጌ አፈሰስኩ፣ እሳቱን ለቀቅኩት። ሽንኩርቱን ከትፌ ሳልጨርስ ድስቱ ጨሰ። ቤቱ በጭስ ታፈነ። ሲኞራ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ መጥተው መስኮቱን ከፈቱና ስለ ዘይታቸው አለቀሱ ማለት ይቻላል። ሽሮውም መረረ። በርበሬው ነው፣ ዘይቱ ነው፣ የተቃጠለው ሽንኩርት ነው፣ ለመለየት እንኳ አይመችም ነበር። ማታ ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት።

"የፀጉር ቅባት ወጥ ውስጥ?" አለችኝ። "አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ?"

ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ "የወይራ ዘይት እሳት አይችልም" ብሎ ይተወዋል። እኔም ለጥቂት ሳምንት እንዲያ ስል ነበር። ልክ አይደለም። ጥሩው ዘይት የሚጨሰው ከ190 እስከ 210 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ወጥ ደግሞ እዚያ አይደርስም። ድስቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ 100 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚቆየው። ጥፋቱ ባዶ ድስት ውስጥ ዘይቱን ብቻውን ማጋሌ ነበር። መፍትሔው ደግሞ እማዬ ድሮ ዘይት ሲወደድ የምታደርገው ሆኖ ተገኘ። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በራሱ ውሃ፣ ጠብ ጠብ እያደረግሁ አቁላላዋለሁ። ውሃው መጠጥ ሲል ዘይቱን እጨምራለሁ፣ እሳቱን ቀነስ አድርጌ። በርበሬው ሲገባ ወዲያው ትንሽ ውሃ ይከተለዋል። ሽሮው በስሎ ከወረደ በኋላ አንድ ማንኪያ ጥሬ ዘይት ከላይ። ይቺ የመጨረሻዋ ማንኪያ ናት ሁሉን የለወጠችው። ድስት ውስጥ የዋለው ዘይት መዓዛው አብዛኛው ይተናል፤ ከላይ የገባው ግን ሙቀቱ ሲነካው ሽታው ይነሳል። ቅቤ የጠገበ ሽሮ አይሆንም፣ አልዋሽም። ሌላ ነገር ነው የሚሆነው።

ስለዚህ አሁን ዘይቴን ሁለት ቦታ ከፍዬ ነው የማስበው። ማቁላያው ርካሹ ወይም ያለፈው ዓመቱ። ትኩሱና የሚቆረቁረው ጥሬውን ለሚበላ ነገር። ለጥሬ ደግሞ የእኛ የጾም ምግብ ሀብታም ነው። አዚፋን ያሰበ የለም! የተቀቀለ ድፍን ምስር፣ ሰናፍጭ፣ ሎሚ፣ ቃሪያ፣ ቀይ ሽንኩርት፤ ላዩ ላይ የሳቢና ዘይት። ሰናፍጩ አፍንጫ ሲመታ ዘይቱ ጉሮሮ ይመታል። ቲማቲም ፍትፍትም እንደዚያው። ሲኞራ ፍትፍቱን ሲቀምሱ "ይኼማ ፓንዛኔላ ነው" አሉ። የደረቀ ዳቦ በውሃ አርሰው ከቲማቲም፣ ከሽንኩርት፣ ከኮምጣጤና ከዘይት ጋር የሚለውሱት የእነሱ ፍትፍት ነው። እንጀራው ላይ ዘይቱ ቀድሞ መግባት የለበትም፤ መጀመሪያ ከቲማቲሙና ከሎሚው ጋር ይምታ፣ ከዚያ እንጀራው ይግባ። አለዚያ እንጀራው ዘይቱን ጠጥቶት ቁጭ ይላል፣ ጎምዛዛው ውስጡ አይገባም።

አንድ ጊዜ ጎበዝ ነኝ ብዬ ለቡጢቻ የሚሆነውን ዘይትና ሎሚ በብሌንደር መታሁት። ነጭ ሆኖ፣ እንደ ክሬም ረግቶ ወጣ፣ ያምራል። ስቀምሰው ሬት! ብሌንደሩ ዘይቱን አድቅቆ ሲበትነው መራራው ይወጣል ይላሉ። ከዚያ ወዲህ የሚፈጨውን ያለ ዘይት እፈጫለሁ፣ ዘይቱን በመጨረሻ በማንኪያ ነው የምለውሰው።

ጣፋጩ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ። ሐኪማቸው ቅቤ ከልክሏቸዋልና ለልደታቸው ኬኩን በዘይት ልሥራው አልኩ። 125 ግራም ቅቤ የሚለውን 125 ግራም ዘይት አድርጌ፣ ያውም ከአዲሱ፣ ከሚያስለው። ኬኩ ቅባት በቅባት ሆነ። የልጅ ልጃቸው አንድ ጎርሶ "ሰላጣ ሰላጣ ይላል" አለ። ልጅ አይዋሽም። ቅቤ አምስት አንድ ያህሉ ውሃና ሌላ ነገር ነው፣ ዘይት ግን ሙሉ ቅባት፤ ስለዚህ ለ125 ግራም ቅቤ 100 ግራም ዘይት ይበቃል። ሌላም አለ። ቅቤና ስኳር ሲመቱ አየር ይይዛሉ፣ ኬኩን የሚያነሳው አንዱ እሱ ነው። ዘይት አየር አይዝም። ስለዚህ እንቁላሉና ስኳሩ ናቸው ነጭ እስኪሆኑ መመታት ያለባቸው፣ ዘይቱ ቀስ እያለ በኋላ ይንጠባጠባል። የሎሚ ልጣጭ ፍቄ ስኳሩ ላይ በእጄ አሸዋለሁ። ዘይቱ ደግሞ ለስላሳው። እንዲህ የተሠራ ኬክ በማግስቱ ይበልጥ ይጥማል እንጂ አይደርቅም፤ ቅቤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ዘይት ግን ፍሪጅ ካልገባ አይረጋም።

ግን የወደድኩት ኬኩን አይደለም። ቻምቤሊኔ አል ቪኖ የሚሉትን ደረቅ ቀለበት ብስኩት ነው። አሠራሩን ስጠይቃቸው ሲኞራ ብርጭቆ አነሡ። "አንድ ብርጭቆ ዘይት፣ አንድ ብርጭቆ ወይን ጠጅ፣ አንድ ብርጭቆ ስኳር፣ ዱቄት የሚበቃውን ያህል።" የሚበቃው ስንት ነው? ትከሻቸውን ነቀነቁ። እማዬን የሰማሁ መሰለኝ። እሷም ስትጠየቅ "እስኪበቃው ነዋ" ነው የምትለው። ኋላ እኔ መዘንኩት። 150 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ያንኑ ያህል ወይን፣ 150 ግራም ስኳር፣ ግማሽ ኪሎ አካባቢ የፉርኖ ዱቄት፣ ቆንጠር ጨው፣ ሽታው ወደ እንስላል የሚሄድ አኒስ የሚባል ፍሬ። (ፉርኖ ያልነው ቃል እዚህ ኦቭን ማለት ነው። ሲኞራ "የፉርኖ ዱቄት" ስላቸው ግራ ገብቷቸው ኦቭኑን ነበር የከፈቱልኝ።) ሊጡ አይታሽም፣ ሰብሰብ ይላል እንጂ። ብዙ ካሹት ብስኩቱ ድንጋይ ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ጋግሬያለሁ። ጣት የሚያህል ተድቦልቡሎ፣ ቀለበት ተደርጎ፣ አንዱ ገጽ ስኳር ላይ ይነከራል። 180 ዲግሪ ላይ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ።

ልብ በሉ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ። የጾም ብስኩት ነው! በሁዳዴ ወይኑ ቅር ስለሚለኝ በብርቱካን ጭማቂ እተካዋለሁ፣ እሱም ያምርበታል። እሮብና አርብ ከቡና ጋር አቀርባለሁ። ሲኞራ የራሳቸውን ወይን ውስጥ እየነከሩ ይበላሉ፣ እኔ ቡና ውስጥ።

የማስቀመጡንም ነገር በጥፋቴ ነው የተማርኩት። ለእጅ ይመቻል ብዬ ዘይቱን ነጭ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጬ ምድጃው አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር አቆምኩት። ከሁለት ወር በኋላ የከረመ ኦቾሎኒ ይሸት ጀመር። ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ናቸው የሚገድሉት። አሁን ትልቁ ቆርቆሮ ጨለማው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ እኔ ጥቁር ትንሽ ጠርሙስ እየሞላሁ እጠቀማለሁ። ሰዎች "ፍሪጅ ውስጥ ከረጋ ንጹሕ ነው" ይላሉ፣ እሱንም ሞክሬዋለሁ፤ ምንም አይነግርም። ስትገዙ የተለቀመበትን ዓመት ፈልጉ፣ ዘይት እንደ ጠጅ አይደለም፣ ሲቆይ አይጥምም።

አምና ወደ አገር ቤት የምትሄድ ጓደኛዬን አንድ ሊትር አስይዤ ለእማዬ ላክሁ። አዚፋ ላይ አድርጊው፣ ድስት ውስጥ አታቃጥይው፣ ጨለማ ቦታ አስቀምጪው ብዬ ደጋግሜ ነገርኳት። አገራችን ወይራ ሞልቶ ጋንና የወተት ዕቃ ስናጥንበት ነው የኖርነው፤ የዱሩ ወይራችን የዚህ ዛፍ ዘመድ ነው፣ ፍሬው ግን ደቃቃ ነው፣ አንጨምቀውም። በሳምንቱ ደወለች።

"አዚፋው ላይ አደረግሁት። ጉሮሮዬን አቃጠለኝ፣ ሳልኩ።"

"ጥሩ ነው ማለት ነው እማዬ! ወደድሽው?"

"ወድጄዋለሁ፣ ወድጄዋለሁ" አለች። ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ፣ "ግማሹን ግን ለፀጉሬ አስቀምጬዋለሁ።"