ዲኤክሷ ዳገት ላይ ስትፈላ

አባቴ ትቶልኝ ያለፈው መኪና ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ በፈረንጅ የ1983 ሞዴል፣ 4ኬ ሞተር፣ 1290 ሲሲ፣ ባለ ካርቡሬተር። የምኖረው ሱሉልታ ነው ስራዬ ደግሞ ፒያሳ፣ ስለዚህ በየማታው ከአዲሱ ገበያ በላይ ያለውን ዳገት መውጣት ግዴታዋ ነው። ስንት አመት ያለምንም ችግር ስትወጣው ኖራ ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ መፍላት ጀመረች። የመጀመሪያው ቀን ዳገቱን ልጨርስ ትንሽ ሲቀረኝ የክሩስኮቱ መርፌ ቀዩን ነካ፣ ዳር ይዤ አቆምኩ፣ ኮፈኑን ሳነሳ በራዲያተሩ አፍ ዙሪያ ሽሽሽ እያለ እንፋሎት ይወጣል። እስኪበርድ አርባ ደቂቃ ቆሜ ሁለት ሃይላንድ ውሃ ጨምሬባት ቤት ገባሁ። በነገራችን ላይ መኪና ፈልታ ክዳኑን ቶሎ እንዳትከፍቱ፣ ውሃው ፊት ላይ ነው የሚፈነዳው፣ ሰው ሲቃጠል በአይኔ አይቻለሁ።

ከዛ ጋራዥ ለጋራዥ መዞር ሆነ። አንዱ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ስር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሏል ቴስታታው ይውረድ አለኝ፣ ሌላው ራዲያተሩ ተደፍኗል ሙሉውን ቀይረው፣ ሶስተኛው ደግሞ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን ቴርሞስታት አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝና "ይሄን እኛ አገር ማንም አይጠቀምበትም" አለኝ፣ እኔም አመንኩት። ከዛ በኋላ ጠዋት ጠዋት የሱሉልታ ብርድ ላይ መርፌዋ ፒያሳ እስክደርስ ከታች አትነሳም፣ ቾክ ካልሳብኩ ትጠፋለች፣ ቤንዚን ትጠጣለች፣ ማታ ደግሞ ዳገቱ ላይ ያው ትፈላለች። ሞተር በቅዝቃዜ ሲሰራ ቤንዚኑ በደንብ ስለማይቃጠል የሲሊንደሩን ዘይት እያጠበ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ይበላዋል፣ ይሄን ያወቅኩት በኋላ ነው። ሌላው ጭንቀቴ የ4ኬ ቴስታታ አሉሚኒየም መሆኑ ነው፣ ደጋግሞ ከፈላ ይጣመማል፣ አንዴ ከተጣመመ ብረት በማሽን የሚስተካከልበት ቶርኖ ቤት ነው የሚሄደው።

እዚሁ ሰፈር ግቢያቸው በር ላይ የሚሰሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ፣ አባቴም እሳቸው ጋ ነበር የሚሄደው። ቅዳሜ ወሰድኳት። ሞተሩን እንኳን አላስነሱም።

"ልጄ፣ ክዳኑን ቀይረኸው ታውቃለህ?"

"የቱን ክዳን ጋሼ?"

"የራዲያተሩን ነዋ።"

በአውራ ጣታቸው የክዳኑን ስፕሪንግ ጫን አደረጉት፣ ምንም ሳይታገል ገባ። ከዛ ገልብጠው ጎማውን አሳዩኝ፣ ዙሪያውን ደርቆ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ተሰነጣጥቋል፣ በጥፍራቸው ሲነኩት ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ መሬት ላይ ረገፈ። ያ ክዳን ምናልባት ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ አልተቀየረም።

ያስረዱኝ ነገር ደግሞ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ የአየር ግፊቱ ባህር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፣ ስለዚህ ውሃ እዚህ 100 ዲግሪ አይጠብቅም፣ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ንፍሮ በተራ ድስት ስንት ሰአት እንደሚፈጅ እናቶቻችን ያውቁታል። የራዲያተር ክዳን ስራው መዝጋት ብቻ ሳይሆን ግፊት መያዝ ነው፣ ልክ እንደ ፕሬዠር ድስት። የኔዋ ክዳን ላይ 0.9 የሚል ተፅፏል፣ ያንን ግፊት በትክክል ከያዘ ውሃው እዚህ ከፍታ ላይ እንኳን ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። ጎማው ከሞተ ግን ራዲያተሩ ክፍት ድስት ሆነ ማለት ነው፣ ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ስትጎትት 92 ለመድረስ ምን ይቸግራታል!

ሰኞ የመኪና እቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ሻጩ "1.1 ውሰድ እሱ ይሻላል ይበረታል" ብሎ ሊሰጠኝ ነበር፣ ጋሼ ግን የተፃፈው ቁጥር ካልሆነ እንዳትገዛ ብለውኛል፣ ግፊቱ ከበዛ ያረጀውን ራዲያተርና ጎማ ቱቦዎቹን ነው የሚቀደው። 0.9 ፈልጌ ገዛሁ። የከፈልኩት ብር ቴስታታ ለማውረድ ከተጠየቅኩት ጋር አይወዳደርም። ለዛ ነው አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ከትንሿና ከርካሿ እቃ እንዲጀምር የምለምነው፣ ክዳን፣ ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ የቱቦ ማሰሪያ፣ ከዛ ነው ወደ ትልቁ የሚኬደው። መካኒኮቹ ክፉ ሆነው አይመስለኝም፣ አሮጌ መኪና ሲያዩ በቃ ሞታለች ብለው ነው የሚጀምሩት፣ እኔን የሚያመኝም እሱ ነው።

አሁን ደግሞ መንግስት ጥር 2016 ላይ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና አይገባም ብሏል፣ በ2012 ደግሞ በአሮጌ መኪና ላይ የኤክሳይዝ ታክሱ ተቆልሏል። የኤሌክትሪኩን አልቃወምም፣ አየሩም ይፈልገዋል፣ ግን ኤሌክትሪክ መግዛት የማይችለው ሰው እጁ ላይ ያለችውን ነው የሚይዘው፣ እነዚህ ዲኤክሶች ገና ብዙ አመት ከኛ ጋር ናቸው።

ቴርሞስታቱንም መለስነው። ጋሼ ከማስገባታቸው በፊት በሽቦ አንጠልጥለው የፈላ ውሃ ድስት ውስጥ ከተቱት፣ አፉ ቀስ እያለ ሲከፈት እኔና ልጄ ጎንበስ ብለን አየን፣ ስናወጣው ደግሞ ተመልሶ ተዘጋ። 82 ዲግሪ ላይ የሚከፈት ነው፣ ጎኑ ላይ ተቀርጿል። ትናንት ማታ በዛ ሁሉ ዝናብ ከኋላ ሶስት ጎረቤት ጭኜ ዳገቱን ወጣሁ፣ መርፌዋ ከግማሽ ንቅንቅ አላለችም። ጋሼ ግን ሞተሩን ሲያዳምጡ የውሃ ፓምፑ ጋ የሆነ ፉጨት ሰምተዋል፣ ለቅዳሜ አምጣት ብለውኛል።