ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ

ሰሞኑን የሰፈር ልጆች ከአዲስ አበባ ደውለው ነበር። አንዱ "ቺካጎ ይህን ሁሉ ዓመት ስትኖር ስታዲየም ገብተህ አታውቅም እንዴ? ስንት ለስንት ወጡ?" አለኝ። ገብቻለሁ። ውጤቱን ግን አላስታውሰውም። የማስታውሰው አንዲት ኳስ ነው።

በፈረንጅ 2014 ነው። ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። የሥራ ባልደረባዬ ትርፍ ትኬት ነበረውና ሪግሊ ፊልድ ይዞኝ ሄደ። የቺካጎ ካብስ የቤዝቦል ሜዳ ነው፤ ያን ዓመት መቶኛ ዓመቱን ያከብር ነበር። እኔ አሜሪካ ሲባል የሚታየኝ የመስታወት ፎቅ ነው። ያገኘሁት ግን የጡብ ግንብና ግንቡን ያለበሰ ሐረግ ነው። ሐረጉ የተተከለው በ1937 ነው። ኳስ ሐረጉ ውስጥ ተሰክታ ከቀረች ተከላካዩ ሁለት እጁን ያነሳል፤ መቺው ሁለተኛው ቤዝ (ሮጦ የሚረግጠው ማረፊያ) ላይ ይቆማል። የውጤት ሰሌዳውም የዚያው ዓመት ነው። እስከ ዛሬ ሰው ውስጡ ገብቶ ቁጥሩን በእጁ ይቀያይራል። የማታ መብራት እንኳ የገባው በ1988 ነው። አሮጌ ነገር የሚወደው አበሻ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ካብስ ካሸነፈ ሰማያዊ "ደብልዩ" ያለበት ነጭ ባንዲራ ይሰቀላል። በባቡር የሚያልፍ ሰው ያንን አይቶ ውጤቱን ያውቃል።

የፍየሉንም ታሪክ ያን ቀን ሰማሁ። በ1945 አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት ሙርፊ የሚባለውን ፍየሉን ይዞ ለወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም ለዓመቱ የዋንጫ ፍጻሜ፣ ጨዋታ መጣ። ፍየሉ ይሸታል ተብሎ ተባረሩ፤ ሰውየውም ቡድኑን ረገመው ይባላል። ካብስ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ከ1908 ወዲህ ዋንጫ አልበላም ነበር። ባልደረባዬ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ እርግማኑን ሲያወራ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የእኛን ቡዳ ኋላ ቀርነት የሚል ፈረንጅ ስንት አለ!

የተቀመጥነው ከሐረጉ በላይ ነው። ባልደረባዬ ቀድሞ "ኳስ እጅህ ከገባች ወደ ሜዳው መልሰህ ወርውር፤ እዚህ ደንብ ነው" ብሎኛል። ቅር አላለኝም። እኛ ሰፈር አጥሩ ውስጥ የገባችን ኳስ የማይመልስ ሰው ስሙ ይጠፋል። አባቴም የሰው ዕቃ እጄ ላይ ካየ ሳያስመልሰኝ አያድርም ነበር።

ከዚያ መጣች። ሁለት እጄን ዘረጋሁ። መዳፌን እንደ ፍም ለበለበችው። ቀይ ስፌቷ ዛሬም ጣቴ ላይ ይታወቀኛል። ሰው ይጮኻል፣ ትከሻዬን ይመታል። ደንቡ ትዝ አለኝ። ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ ሜዳው ወረወርኳት።

ጩኸቱ ቀጥ አለ። ወዲያው "ቡ!" ይሉኝ ጀመር። ከፊቴ ጓንት ያጠለቀ ልጅ ነበር፤ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ሜዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ አለቀሰ። ለካ የምትመለሰው የተጋጣሚ ቡድን የመታት ሆም ራን (ተመትታ ከሜዳው ግንብ በላይ ያለፈች ኳስ) ናት! የራሳቸው ተጫዋች የመታት ኳስ ቤት ሄዳ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣ፣ ለልጅ ልጅ የምትተርፍ ናት። ማስረዳት ፈለግሁ፤ እንግሊዝኛው ከዳኝ። በሰባተኛው ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ሕዝቡ እንደ ልማዱ ተነስቶ ሲዘፍን እኔ ተቀምጬ መዳፌን አይ ነበር።

ለመምጣት የምታስቡ ልጆች፣ ስለ ዲቪና ስለ ሰዓት ክፍያ ትጠይቁኛላችሁ። ጥሩ ነው። ግን እዚህ ሰው "ደንብ ነው" ሲላችሁ "መቼ? ለማን?" በሉ። እኛ ጥያቄ ማብዛት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። እኔም ያን ቀን ነገሩ ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ የሆነብኝ አንገቴን ነቅንቄ ስላለፍኩ ነው። የቤት ኪራይ ውል ስትፈርሙም፣ ሥራ ስትጀምሩም ጠይቁ። ደግማችሁ ጠይቁ።

በ2016 ካብስ ከ108 ዓመት በኋላ ዋንጫ በላ። የመጨረሻው ጨዋታ ክሊቭላንድ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ሪግሊን ከበበው። በጡቡ ግንብ ላይ በጠመኔ ስም ይጽፋሉ። ይህን ቀን ሳያዩ ያለፉ አባቶችና አያቶች ስም ነው። ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። አንዲት አሮጊት እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ጽፈው ሲጨርሱ ጠመኔዋን ለእኔ ሰጡኝ።

አባቴ ያረፈው እኔ እዚህ እያለሁ ነው። ለቅሶው ላይ አልደረስኩም። ቤዝቦል የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም ነበር። ባዶ ጡብ ፈልጌ ስሙን በአማርኛ ጻፍኩ። ጠመኔዋንም ከኋላዬ ለቆመው ልጅ አቀበልኩት።