ጓዳ የማይገባበት ቤት

መጋቢት 2018፣ ለንደን

ከአልፕስ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ በረዶው ነው። ወደቅሽ? በረደሽ? አዎ፣ ወድቄያለሁም፣ በርዶኛልም። እኔን ሲከነክነኝ የሰነበተው ግን ማዕዱ ነው።

ነገሩ የመጣው በአጋጣሚ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከልጅነቷ ጀምሮ በየዓመቱ ስኪ፣ ማለትም በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ፣ ከሚሄዱት እንግሊዞች አንዷ ናት። ዘንድሮ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ሙሉ ሻሌ ተከራይተው አንደኛው በመጨረሻው ሰዓት ቀረ። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ አልጋው ባዶ ነው። "ግማሹን ክፈዪና ነይ" አለችኝ። ለእማዬ ደውዬ ስነግራት "አንቺ ልጅ፣ በረዶ ላይ ለመውደቅ ነው ይህን ሁሉ ፓውንድ የምትከፍዪው?" አለች። መልስ አልነበረኝም። ሄድኩ።

ሻሌ ድሮ በበጋ ከብት ይዘው ተራራ የሚወጡ እረኞች የሚያድሩበትና አይብ የሚሠሩበት የእንጨት ጎጆ ነበር። እኛ ያረፍንበት ከጣሪያው በቀር ከእረኛ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሳውና አለው። እንግሊዞች በጣም የሚወዱት ደግሞ ምግብ አብሮ ያለበትን ዓይነት ነው፤ ቤቱን ከነአብሳዩ ይከራዩታል። ጠዋት ቁርስ፣ ከሰዓት ሻይና ኬክ፣ ማታ መክፈቻ፣ ዋና ምግብና ጣፋጭ ከነወይኑ። የምታበስለውም፣ የምታስተናግደውም፣ ክፍል የምታጸዳውም አንዲት ወጣት ናት።

ከጄኔቫ አውሮፕላን ማረፊያ ሚኒባስ ወሰደን። ቅዳሜ ነበር። እዚያ አገር የእንግዳ መቀያየሪያው ቀን ቅዳሜ ስለሆነ ሂያጁም መጪውም አንድ መንገድ ላይ ይገናኛል። በፈረንጆቹ የ1992ቱ የክረምት ኦሎምፒክ የተዘጋጀባትን አልበርትቪልን ካለፍን በኋላ መኪናው ሁሉ ሸለቆው ውስጥ ተደርድሮ ቆመ። መገናኛ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያለሁ መሰለኝ። ሙቲዬ ስንደርስ ከዋናው መንገድ ተለይተን ጠመዝማዛውን ወጣን። ማረፊያችን የሆነችው የፈረንሳይ የስኪ መንደር ሜሪቤል ገባን።

ሜሪቤል ውስጥ ቤቱ ሁሉ ይመሳሰላል። እንጨት፣ ድንጋይ፣ ተዳፋት ጣሪያ። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ቦታውን በፈረንጆቹ 1938 የቆረቆረው ፒተር ሊንድሴይ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው። በዚያው ዓመት ሂትለር ኦስትሪያን ጠቀለላት። እዚያ ስኪ ይሄዱ የነበሩ እንግሊዞች ሌላ ተራራ መፈለግ ነበረባቸው፤ ሊንድሴይ ይህን ሸለቆ አገኘ። ቤት የሚሠራ ሁሉ በአካባቢው ወግ በእንጨትና በድንጋይ እንዲሠራ ደንብ ወጣ፤ ደንቡ ዛሬም ይሠራበታል። ፈረንሳይ አገር ዳቦ ቤት ገብቶ በእንግሊዝኛ መስተናገድ ያስገርም ነበር፣ ይህን ታሪክ እስክሰማ ድረስ።

እንደ አንድ ቤተሰብ ተሰብስቦ ስኪ መሄዱ ግን ከሊንድሴይም ይቀድማል። ኤርና ሎው የምትባል ለንደን የምትኖር የቪየና ልጅ እናቷን ለማየት አገሯ መሄጃ ገንዘብ አጠራት። በ1932 ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣችና እንግሊዞች ሰብስባ ኦስትሪያ ስኪ ወሰደቻቸው። የራሷም ጉዞ በዚያው ተሸፈነ። ከዚያ በኋላ የዕድሜ ልክ ሥራዋ ሆነ። ይህቺን ሴት ሳላውቃት ወደድኳት። እናቱን ለማየት ብሎ ቲኬት ያላሰላ ስደተኛ የት አለ?

በሩ ላይ የተቀበለችን የሻሌው አስተናጋጅ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ልጅ ናት። ስማችንን አስቀድማ አጥንታዋለች። እኔ ጋ ስትደርስ "የማትበዪው ነገር አለ፣ አይደል?" አለች። ሁዳዴ ነበር። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል እንደማልበላ ቀድሜ ፎርም ላይ ሞልቼ ነበር። ፈረንጅ አሁን ቪጋን የሚባለውን ስለለመደ ማስረዳቱ ቀሏል። "ዓሣስ?" ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ እኛው ራሳችን እንኳ ተከራክረን አልጨረስነው። "ይቅርብኝ" ብዬ ተገላገልኩ። ሰዓቱን ግን አልጾምኩም። የንስሐ አባቴን ሳልሄድ ጠይቄያቸው "ተራራ ላይ በባዶ ሆድ አትውጪ ልጄ" ብለውኛል።

ለልጅቷ ግን አዘንኩላት። ሜሪቤል ያለችበት የሳቯ አውራጃ ምግብ ያለ አይብ ምን ይሆናል? ታርቲፍሌት ድንችና ሬብሎሾን አይብ ነው። ፎንዲዩ የቀለጠ አይብ ነው። ራክሌትም የቀለጠ አይብ ነው፣ ድንች ላይ የሚፈስ። እሷ ግን አልደነገጠችም። ምስሩን፣ እንጉዳዩን፣ ዱባውን እያፈራረቀች ጥሩ ጥሩ ነገር ሠራችልኝ። ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል የጋገረችልኝን ኬክ ሌሎቹ የራሳቸውን ትተው ሲቆርሱት ሁለተኛ መጋገር ነበረባት።

የመጀመሪያው ማታ ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ምግቡ ቀረበ። ልጅቷ ቆማለች። ልማድ ነውና "ነይ እንጂ፣ አብረን እንብላ" አልኳት። ጨዋታው ቀጥ አለ። ፈገግ ብላ "እኔ በኋላ እበላለሁ" አለችና ጓዳ ገባች። ባልደረባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "አትጨናነቂ፣ ሥራዋ ነው" አለችኝ።

ሆቴል ቢሆን ምንም አይመስለኝም ነበር። ሆቴል ሆቴል ነው። ይህ ግን ቤት ነው ተብሏል። ምድጃው ይነዳል፤ በካልሲ እንዞራለን፤ ያልተዋወቅን ሰዎች ሁለተኛው ቀን ላይ እንደ እህትና ወንድም መነታረክ ጀምረናል። ልጅቷ ታጫውተናለች፣ ማን ሻይ እንደሚወድ፣ ማን ቡና፣ ታውቃለች። ቤት ቤት እንዲሸት ያደረገችው እሷ ናት። ማዕዱ ላይ የሌለችውም እሷ ብቻ ናት።

እዚህ ላይ "እኛ እንግዳ ተቀባዮች ነን፣ እነሱ ሁሉን በገንዘብ ነው" የሚለውን ወሬ አላመጣም። አዲስ አበባ ባደግኩበት ሰፈር በየቤቱ ሠራተኛ ነበረች። የትኛዋም ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ አትቀርብም። ጓዳ ነበር የምትበላው፣ ከሁሉም በኋላ። በመንገድ ለሚያልፍ ሰው "እንብላ" የሚባልበት ቤት ውስጥ ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። አዲስ የሆነብኝ የልጅቷ ከሰዓት በኋላ ነው።

ከሻሌው ሠራተኞች ብዙዎቹ ለደመወዝ ብለው አይመጡም፤ ደመወዙ ትንሽ ነው። መኝታ፣ ምግብ፣ የተራራው ቲኬትና የስኪ ዕቃ ግን ይሰጣቸዋል። ቁርስ ይቀርባል፣ ክፍል ይጸዳል፣ ኬኩ ይጋገራል፤ ረፋዱ ላይ ሁሉም ነገር ያልቃል። ከዚያ እስከ አመሻሽ ጊዜው የራሳቸው ነው። እኛ አሥር ሰዓት ላይ በድካም ተሰባብረን ስንመለስ ቤቱ ጭር ብሎ ኬኩ ጠረጴዛ ላይ ተሸፍኖ ይጠብቀናል። ልጅቷ ተራራው ላይ ናት። አንድ ቀን ወንበር ሊፍት ላይ ተንጠልጥዬ ስወጣ ከሥሬ በጥቁሩ መንገድ ቁልቁል ስትወርድ አየኋት። ጥቁር ማለት ከሁሉም የከበደው ነው፤ ከአረንጓዴ ይጀምርና በሰማያዊና በቀይ አልፎ ጥቁር ይደርሳል። ማታ ሾርባ ስታቀርብልኝ ያቺው ልጅ መሆኗን ማመን አቃተኝ። ያደግኩበት ሰፈር ውስጥ የከሰዓት በኋላዋ የራሷ የሆነ ሠራተኛ አላውቅም።

ጉልበቴን ያመመኝ ቀን ቤት ዋልኩና በደንብ አወራን። እሷ ጓዳ ሆና ሽንኩርት ትከትፋለች፤ እኔ ደፉ ላይ ቆሜያለሁ። መግባት አይፈቀድም። የንጽሕና ደንብ ነው፣ የተከራየ እንግዳ ጓዳ አይረግጥም። ከለንደን ሽሮና በርበሬ ይዤ ሄጄ ነበር፤ አበሻ ያለ ሽሮ ሻንጣ አይዘጋም። ላሳያት ብዬ አወጣሁት። አሸተተችው፣ ወደደችው፣ እንዲበስል ግን አልፈቀደችም። ሥራዋን ሊያሳጣት ይችላል። ሽሮው ባለበት ከረጢት ለንደን ተመለሰ። የሽንኩርቱን አከታተፍ ከደፉ ወዲህ ሆኜ እያየሁ እጄ በላኝ። እኛ ቤት እንግዳ ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ ቢላ የሚያዝበት ጊዜ አለ።

ፓስፖርቷን የነገረችኝ ያን ቀን ነው። ከብሬግዚት፣ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከመውጣቷ በፊት፣ የእንግሊዝ ወጣት ሻንጣውን ይዞ መጥቶ ክረምቱን ሠርቶ ይመለስ ነበር። ከፈረንጆቹ 2021 ወዲህ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። አሠሪዎቹም የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት ያለውን ይመርጣሉ። እሷ በአያቷ በኩል የአየርላንድ ፓስፖርት አውጥታለች። "አያቴን ዘንድሮ ነው በደንብ የወደድኳት" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ፓስፖርት ላይ እንግሊዝና አበሻ እንደዚህ የሚግባቡበት ቀን ይመጣል ብሎ ማን ጠረጠረ።

ስለ ስኪው ብዙ የምለው የለኝም። ሦስቱ ሸለቆዎች የሚባለው አካባቢ በጠቅላላው 600 ኪሎ ሜትር መንገድ አለው፤ እኔ የማውቀው ከሕፃናቱ ሜዳ ትንሽ ከፍ ያለውን ነው። እዚያ መሬት ላይ የሚሽከረከር ምንጣፍ ላይ ቆመው ሽቅብ ይወጣሉ፣ ከዚያ የስኪዎቹን አፍንጫ ወደ ውስጥ አገናኝተው ቀስ ብለው ይወርዳሉ። ጎረቤቶቼ ዕድሜያቸው አራትና አምስት ነው። አልፈውኝ ሄዱ።

ቀይ ጃኬት የለበሰው አስተማሪ ከየት እንደመጣሁ ሲሰማ "ኢትዮጵያና ስኪ!" ብሎ ሳቀ። ይህንን እየጠበቅኩ ነበር። ሮቤል ተክለማርያምን ነገርኩት። በፈረንጆቹ 2006 ከዚህ ተራራ ወዲያ ማዶ ጣልያን ውስጥ፣ የቶሪኖ ክረምት ኦሎምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ 15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሮ 83ኛ ወጥቷል። ከኋላው የቀሩ ነበሩ። በ2010 ቫንኩቨርም ተመልሶ ሄዷል። አስተማሪው ስልኩን አውጥቶ ፈለገው፣ አገኘው፣ ኮፍያውን አነሳ። እኔ ያንኑ ደቂቃ ወደቅኩ።

ከፍታው ግን አስቆኛል። አብረውኝ የነበሩት "አየሩ ሳሳ" እያሉ ይተነፍሳሉ። መንደሩ 1,450 ሜትር ላይ ነው፤ አዲስ አበባ በብዙ ትበልጣለች። ሊፍቱ የሚያደርሰን የሳውሊር ጫፍ ራሱ እንጦጦን አያህልም።

ወንድሜ ደግሞ በየማታው ይደውላል። የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ወዳጅ ነው፤ "ሹማከር የተጎዳው እዚያ አይደል እንዴ?" አለኝ። እዚያው ነው፣ በ2013 ታኅሣሥ መጨረሻ በፈረንጆቹ፣ ከተስተካከለው መንገድ ወጣ ብሎ። ሄልሜት አድርጎ ነበር። ይህን ለእማዬ እንዳትነግራት አልኩት። ሌሊት በረዶ ሲጥል ካደረ በኋላ ጠዋት የሚሰማውን ፍንዳታም አልነገርኳትም። የበረዶ ናዳ ሰው ላይ እንዳይወርድ ሆን ብለው ነው የሚያፈነዱት። መጀመሪያ ስሰማው ከአልጋዬ ዘልዬ ጫማ እየፈለግኩ ነበር። የእንግሊዞቹ ክፍል ውስጥ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ረቡዕ የልጅቷ የእረፍት ቀን ነው። ቁርስ ራሳችን አነሳን፣ ማታ ደግሞ ምግብ ቤት ሄድን። ሁሉም ፎንዲዩ አዘዙ። እኔ ድንችና ሰላጣ በላሁ፣ ሽታውን ግን ጠገብኩት። የገረመኝ ልጅቷን እዚያው መንገድ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ማግኘታችን ነው። አቅፋን አለፈች። ጠረጴዛችን ላይ ያልተቀመጠችው ልጅ ውጪ ስትገኝ ጓደኛችን ናት። ምናልባት ለእሷም የሚቀላት እንዲህ ነው። ማዕዱ ላይ ብትቀመጥ እኮ ሥራዋ ላይ ሌላ ሥራ ይጨመራል፤ ቀልዳችንን መሳቅ።

ቅዳሜ ጠዋት አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አስወጣችን ብል ማጋነን አይሆንም። አንሶላው ተሰብስቦ ኮሪደር ላይ ተከምሯል። ከሰዓት ሌሎች ይገባሉ። ጓዳው በር ላይ የእኛ ዝርዝር ወርዶ የእነሱ ተለጥፏል፤ "ለውዝ የማይበላ፣ አንድ" የሚል አየሁበት። ገንዘብ አዋጥተን በፖስታ ሰጠናት። እኔ በርበሬውን ጨመርኩላት። ሽሮውን እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ጊዜ ይፈልጋል፤ በርበሬ ግን ድንች ላይም ይሆናል።

ትናንት ባልደረባዬ ስለ መጪው ዓመት ጠየቀችኝ። ጥር ርካሽ ነው፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት የለም አለች። በእኛ 2019 ሁዳዴ የሚገባው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ብንሄድ ያ ሁሉ አይብ አያመልጠኝም። እሺ አልኳት። ረቡዕና ዓርብን ግን አስረዳኋት። ረቡዕስ ችግር የለም አለች፣ የዚያን ቀን አብሳይ የለንም። ዓርብ የመጨረሻው እራት ነው፤ ታርቲፍሌት የሚቀርብበት ቀን።